የያምሮት ፉርጎዎችና የላህ ድልድይ

ለምዕራብ ጎጃም ሰፊ ሕዝብ የወጣ አዋጅ! ከፈጣም ወንዝ ማዶ ያለህ፣ ከላህ ወንዝ ወዲህ ያለህ፤ በጋሪ የምትንገጫገጭ፣ ባጃጅ ውስጥ አምስተኛ ሆነህ የተጠቀጠቅህ፤ ቢሮ በር ላይ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» እየተባልህ ጠጉርህ የሸበተ፤ ሁልህም ጆሮህን ስጥ!

ከእንግዲህ ወዲያ፣ ቡሬ ከተማ በአንድ የእህል መጋዘን በር ላይ ጆንያ እየወጋች የበቆሎ ናሙና የምታወጣው፣ ቁመቷ ከቆመ ጆንያ በአንድ ክንድ ብቻ የሚበልጠው፣ የሠላሳ ሦስት ዓመቷ ያምሮት፣ የእናኑ ልጅ፣ የቡሬ ፍኖተ ሰላም ምድር ባቡር መሥራች፣ ዋና መሐንዲስ፣ ቀለም ቀቢና የበላይ ጠባቂ ሆና ተሹማለች። ለሹመቱ ደብዳቤ የጻፈ የለም። ደመወዝ የለውም። ማኅተም የለውም። ሐዲድም የለውም።

የመጨረሻው አያስደንግጥህ። የሌለ ነገር የሚመራ ሹም በዚህ ምድር ብርቅ ሆኖ አያውቅም። ያምሮትን ከሹሞቹ ሁሉ የሚለያት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራዋን ትሠራለች።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ባቡር የሚያስነዳ የኮምፒውተር ጨዋታ አለ፤ ሲሙሌተር ይሉታል። ሰው የሚተኮስበት ዓይነት አይደለም። እንደ ደህና ነጂ ፍሬን ትሞክራለህ፣ ጋዝ ትሰጣለህ፣ ጡሩምባ ትነፋለህ፣ ከዚያ ለሰዓታት ሣር ታያለህ። የጨዋታው ወዳጆች በየአገሩ የየራሳቸውን ባቡር ከነብሎኑ እየሠሩ ያስገቡበታል። የጃፓን አለ፣ የጀርመን አለ፣ ስሙን ሰምተህ የማታውቀው የደሴት አገር ሳይቀር አለ። የእኛ አልነበረም። ያምሮት ከሁለት ዓመት በፊት ባንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይህን ጨዋታ ስታገኝ፣ ከዓለም ባቡር ሁሉ አንዱን ብቻ ፈለገች፤ አጎቷ የነዱትን። ስታጣው አቤቱታ አልጻፈችም፣ ኮሚቴም አላቋቋመችም። ተቀምጣ ትሠራው ጀመር።

እናቷ እናኑ ነገሩን ለጎረቤት ሲያስረዱ ባንድ ዐረፍተ ነገር ነው የሚጨርሱት። «ባል አምጪ ብላት ፉርጎ አመጣችብኝ፤ ለዚያውም ሃያ።»

አጎትየው ጋሼ ገብረ ኢየሱስ ይባላሉ። የቁሪት ሰው ናቸው፤ ገበዝ ማርያም ተወልደው፣ በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ከቤት ጠፍተው፣ ድሬዳዋ ደርሰው ምድር ባቡር ተቀጠሩ። መጀመሪያ ዘይት ጠረጉ፣ ቀጥሎ ረዳት ሆኑ፣ በመጨረሻ የዲዝል ባቡር ራስ፣ ፉርጎውን የሚጎትተው ሞተር ላይ ወጥተው ሃያ ሰባት ዓመት ነዱ። ጡረታ ሲወጡ ወደ ገበዝ ማርያም የተመለሱት በሦስት ነገር ነው፤ በአንድ ቆብ፣ በአንድ የኪስ ሰዓትና በአንድ አፍ። ሰዓቱ ቆሟል። አፉ አልቆመም።

ፎቶግራፍ? የለም። «ሥራ ላይ ነበርሁ እኮ፣ ማን ያንሣኝ?» ይላሉ። የምስክር ወረቀት? አይጥ በልታዋለች። ስለዚህ የጋሼ ሃያ ሰባት ዓመት በሙሉ ያረፈው በቃላቸው ላይ ነው። የገበዝ ማርያም ሰው ደግሞ ቃልን ያከብራል፤ ሲያከብር ግን አያምንም። ያዳምጣል፣ ይስቃል፣ ይደግሙለት ዘንድ ይለምናል፣ ከዚያ «የሐረርጌ ፀሐይ የመታው ሰው» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ነገሩ የከረረው ባለፈው ጥር፣ በማርያም ማኅበር ላይ ነው። ዳቦ ተቆርሷል፣ ጽዋው ዞሯል፣ ጋሼም እንደ ልማዳቸው ፉርጎዎቻቸውን ከአዋሽ አስነሥተዋል።

«ሃያ ፉርጎ ስንዴ! ስድስት ሺህ ኩንታል! ባንድ ራስ፣ ባንድ ጉዞ!»

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃ፣ አያ ሃይለ ሚካኤል ናቸው። ከጋሼ ጋር አብረው ከብት የጠበቁ፣ ከአገራቸው ወጥተው ቡሬን ያላለፉ፣ በዚህም የሚኮሩ ገበሬ። ጽዋቸውን አስቀመጡ።

«ገብሬ።»

«አቤት።»

«ይህ ደብር ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገባ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አራት ሺህ ይሆናላ።»

«ስለዚህ የደብሩን እህል በሙሉ፣ የእኔን ጎተራ፣ የቄሱን ጎተራ፣ የመበለቶቹን ሳይቀር ባንድ ጊዜ ጎትተህ፣ ገና የሁለት ሺህ ቦታ ይተርፍሃል?»

«ይተርፈኛል!»

«ዳቦህን ብላ፣ ወንድሜ። ዳቦው እውነት ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ስቀው ቢተዉት ደግ ነበር፤ ግን ከጥግ አንዱ «ባቡሩ ገለባ ጭኖ ይሆናል» አለ፤ ሌላው «ነጂውም ገለባ ነው» ብሎ ጨመረ። ጋሼ ተነሡ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ እጃቸውን ወደ ጽዋው ዘርግተው ማሉ።

«እስከ ሰኔ ማርያም ያን ባቡር በዐይናችሁ ባላሳያችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ባቡር የሚል ቃል ከአፌ ቢወጣ፣ ይህችን ጽዋ አልቅመሳት!»

ማንም አልሳቀም። በጽዋ ተምሎ አይሳቅም። አያ ሃይለ ሚካኤልም «ተው አንተ» ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ዘጉት፤ መሐላ ከወጣ በኋላ «ተው» የሚል ሙሴ ሙሴ አይደለም።

እንግዲህ አስበው። ሽማግሌው መሬት የላቸው፣ ከብት የላቸው፣ ሚስታቸው ሞተዋል። ያላቸው ወሬያቸው ነው። እሱን በሰኔ ሊያስረክቡ ነው። በማግሥቱ ለያምሮት ስልክ ደውለው የነገሯት እንዲህ ብለው ነው፤ «ልጄ፣ ያ መጫወቻሽ የት ደረሰ?»

መጫወቻው የደረሰው አራት ፉርጎና አንድ ድምፅ የሌለው ራስ ላይ ነበር። ያምሮት ግን «ደርሷል፣ አጎቴ» አለች። ከእናኑ ልጅ አፍ የወጣ የመጀመሪያው የመግለጫ ዓይነት ውሸት ይኸው ነው፤ ለምዳው ቢሆን ኖሮ ትልቅ ቦታ ትደርስ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቡሬ ሚኒባስ ተሳፍራ ቁሪት እየወጣች፣ ሽማግሌውን በሜትር ትለካቸው ገባች። ምን ታድርግ? ፕላን የለም፣ ፎቶ የለም። ያለው የጋሼ አካል ነው።

«መውጫ ደረጃው እስከ ምንዎ ይደርሳል?»

«እስከ ጉልበቴ።»

«የፍሬኑ እጀታ?»

«እምብርቴ ላይ።»

«መስኮቱ?»

«ብብቴን አስደግፌ ነበር የምነዳ።»

ለካች፣ ጻፈች፣ ሠራች። የባቡሩ ራስ ሲያልቅ ትንሽ አነስ አለ። ምክንያቱን ያወቀችው ዘግይታ ነው፤ ጋሼ በጡረታ ዘመናቸው ሁለት ጣት ያህል አጥረዋል፤ ባቡሩም አብሯቸው አጠረ። ለሽማግሌው ሳትነግር ሁለት ጣት ጨመረችለት።

ቀለሙን ስትጠይቃቸው ደግሞ ተቆጡ። «እኔ ከውስጥ ነው የማውቃት! ከውጭ የሚያያት መንገደኛ ነው።» ስለዚህ የመጋዘኗን በር ፎቶ አንሥታ፣ አረንጓዴውን ከነዝገቱ ባቡሩን አለበሰችው።

ድምፁን ከገበዝ ማርያም ወፍጮ ቤት ቀዳችው። ስልኳን ዱቄት እንዳይገባበት በነጠላ ጠቅልላ፣ ሞተሩ ጎን ተንበርክካ፤ ወፍጮ የመጡት ሴቶች የምትጸልይ መስሏቸው መንገድ ለቀቁላት። ጋሼ ሰምተው ፊታቸውን አዞሩ።

«ይሄ ወፍጮ ነው። የእኔዋ ስትነሣ አትጮህም። ታጉረመርማለች። እንደ ጠገበ በሬ።»

ድምፁን በግማሽ አዘገየችው፣ አወፈረችው፣ አንዱን ባንዱ ላይ ደራረበችው። በሦስተኛው እሑድ ጋሼ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነሥታ፣ አየር ላይ የሌለ እጀታ ይዛ፣ ቀስ ብላ ወደ ፊት ገፋች። ያምሮት ሌላ ነገር አልጠየቀችም፤ ላፕቶፑን ዘግታ ወጣች፤ ሚኒባስ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ ስትል ረዳቱ ሁለት ጊዜ ዞሮ አያት።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። ጥፋት የሌለው የሕይወት ታሪክ በቢሮ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው የሚሰቀል።

ፉርጎው ውስጥ እህሉ እንዴት ይተኛ እንደ ነበር አጎቷን ጠየቀች። «ነጂ ወደ ፊት ነው የሚያይ» አሉ ጋሼ፣ ትንሽ ተቀይመው። «የሚከተለኝን በክብደቱ አውቀዋለሁ። መልኩን ምን አውቄ!» ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ዞረው አላዩም። ይህን እንደ ጥበብ የሚቆጥሩ መሪዎችም አሉ፤ እኛ በጋሼ ላይ ብቻ አንፈርድም።

ስለዚህ ያምሮት ያደገችበትን ወግ አማከረች። እናኑ ቤት እህል ሲሰፈር ቁናው አናት ሳያወጣ ከእጅ አይወጣም። እንደ ተራራ ይከመራል፤ ከጫፉ ፍሬ እየተንከባለለ እስኪወድቅ። የቁናን አፍ በመዳፉ ጠርጎ የሚሰፍር ሰው በዚያ አገር ልጁን ቢድር አማች አያገኝም፤ «ቁና ጠራጊ» ይባላል፤ ስድቡ ሦስት ትውልድ ይከተለዋል። ያምሮትም ሃያውን ፉርጎ በዚሁ ወግ ሞላች። ክዳን የለ፣ ሸራ የለ፤ በእያንዳንዱ ላይ ከግድግዳው በላይ ሌላ ግማሽ ቁመት ክምር፤ አጎቷ ስንዴ ቢሉም፣ እሷ የምታውቀው የቡሬን በቆሎ ነው።

በጨዋታው ሕግ ጭነት ቀለም ብቻ ሊሆን ይችላል። ፉርጎው ላይ ቢጫ ቀብተህ «በቆሎ ነው» ብለህ ታልፋለህ፤ ሪፖርትም በዚሁ መንገድ ይጻፋል። ያምሮት ግን በእህል አትዋሽም። ለክምሩ ክብደት ሰጠችው፣ አካል ሰጠችው፤ ካጋደለ ይፈስሳል፣ ከነካው ነገር ጋር ይጋጫል።

አሮጌው ላፕቶፕ ይህን ሁሉ አካል መሸከም አቃተው። አምስት ሙሉ ፉርጎ ሲጫንበት ማራገቢያው ያቃስታል፣ ከዚያ ይደርቃል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እንዲያውቁት ብላ በገዛ አገራቸው የዘረጋችውን መንገድ የምትሞክረው ሁልጊዜ በባዶ ፉርጎ ነበር። አርባ ጊዜ ከቡሬ ተነሥታ ፍኖተ ሰላም ደረሰች፤ አርባውንም ባዶዋን። በመጋዘን በር ላይ የሰውን ጆንያ ሁሉ «አፉን አይቼ አላምንም» እያለች ሆዱን የምትወጋው ሴት፣ የራሷን ጭነት ሳትወጋ አሳለፈች።

ሰኔ ማርያም ሦስት ቀን ሲቀራት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ፣ የማርያም ማኅበር ዐሥራ አንድ አባላት ከጋሼ ጋር በሚኒባስ ተጭነው ቡሬ ወረዱ። እናኑም ድፎ ዳቦ ይዘው ተከተሉ። ቦታው የሙንዲር ኳስ ማሳያ አዳራሽ ነው። ሙንዲር የእህል ነጋዴው የመሐመድአወል ልጅ ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ጠንካራ ኮምፒውተር፣ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን፣ መብራት ከሄደም ጄኔሬተር አለው። ለያምሮት ሰጥቷት፣ ሽማግሌዎቹን ሲያስገባ አንድ ነገር ብቻ አሳሰበ።

«አባቶቼ፣ ቤቱ የእናንተ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ኳስ አለ።»

ሽማግሌዎቹ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደረደሩ። አያ ሃይለ ሚካኤል በግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ተጫዋቾች ቆመው መረመሩ።

«እነዚህ የማን ልጆች ናቸው?»

«ኳስ ተጫዋቾች ናቸው፣ አባቴ» አለ ሙንዲር።

«ሱሪው ተሰፍቶ ሳያልቅ ጨርቁ አልቆ ነው?»

«አጭር ነው የሚለብሱት።»

«ድኻ ናቸው በለኛ» ብለው በሐዘኔታ ተቀመጡ።

ጋሼ ገብረ ኢየሱስ አሮጌ ቆባቸውን አድርገው ቀረቡ። ያምሮት የኮምፒውተሩን ቁልፎች በፕላስተር ሸፍና «ጋዝ»፣ «ፍሬን»፣ «ጡሩምባ» ብላ ጽፋላቸዋለች። ስክሪኑ ሲበራ ቡሬ ታየች፤ የመጋዘን ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ፣ መሐሉ ላይ ሐዲድ፣ ሐዲዱ ላይ አረንጓዴ ራስ፣ ከኋላው ሃያ ፉርጎ ቢጫ ተራራ።

«ንዳው እንጂ!» አለ ያ ከጥግ ሆኖ ስለ ገለባ የተናገረው።

«ፍሬን ሳይሞከር?» ጋሼ ቆጣ ብለው ዞሩ። «ስድስት ሺህ ኩንታል ይዤ?»

ዐሥር ደቂቃ ሙሉ ፍሬን ሞከሩ። ዐሥራ አንድ ሽማግሌ የአየር ፉጨት እያዳመጠ በትዕግሥት ተቀመጠ፤ በቅዳሴ እንኳ እንዲህ አይቀመጡም። ከዚያ ሞተሩ አጉረመረመ። እንደ ጠገበ በሬ። ያምሮት ከአጎቷ ኋላ ቆማ ጥፍሯን ትበላለች።

ባቡሩ ቀስ ብሎ ከቡሬ ወጣ። የማንኩሳ ዳገት ላይ ተነፈሰ፣ ቁልቁለቱ ላይ ተለቀቀ። መሻገሪያው ላይ ያምሮት ለእውነት ብላ ያቆመችው ባለጋሪ አለ፤ ጡሩምባ ተነፋለት፣ አልሰማም፤ ሁለተኛ ተነፋለት፣ ፈረሱ ብቻ ዞሮ አየ።

«ይሄስ እውነተኛ ፍኖተ ሰላም ነው!» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ።

አያ ሃይለ ሚካኤል አልሳቁም። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ፊት አዘንብለዋል። መንገዱ ሲታጠፍ ያምሮት ዕይታውን ወደ ኋላ አዞረችው፤ ፉርጎዎቹ ሁሉ እንደ ቅፍለት ተሰልፈው ታዩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየቻቸው። እየቆጠሩ ነው።

«ሃያ» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። ቀጥለውም ዝቅ ብለው፣ «ያምሮት፣ ልጄ፣ ይሄ በቆሎ የማን ማሳ ነው?»

«የቡሬ ነው፣ አያ።»

«አናቱ ደግ ነው። ባለ ወግ የሰፈረው ነው።»

ፍኖተ ሰላም ሊገቡ ሲሉ ላህ ወንዝ ላይ ድልድይ አለ። በጨዋታው ማለቴ ነው። ጋሼ ያለፉባቸውን ድልድዮች በነገሯት መሠረት ግራና ቀኙ ብረት፣ ከላዩም የብረት ማገር ያለው። የባቡሩ ራስ ገባ፤ ጥላ ሆነ፤ ወጣ። የመጀመሪያው ፉርጎ ደረሰ።

የበቆሎው አናት የብረቱን ማገር ሲመታ የሰማሁት ድምፅ የለም፤ ያየሁት ግን ፏፏቴ ነው። ቢጫ ፏፏቴ ወደ ላህ ወረደ። ሁለተኛው ፉርጎ በመጀመሪያው ላይ ወጣ፣ ሦስተኛው ተጋደመ፣ አራተኛው ሐዲዱን ለቅቆ ወንዙን ተመለከተና ገባ። ጋሼ ፍሬኑን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር፤ የፕላስተሩ ጽሑፍ እስኪላጥ። ሲቆም ሐዲዱ ላይ የቀረው የባቡሩ ራስና ስድስት ፉርጎ ነው።

ጋሼ ቆባቸውን አወለቁ። ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ያምሮት የአጎቷን ማጅራት እያየች፣ ሰኔ ማርያም ሦስት ቀን እንደ ቀራት አስታወሰች፤ እጇ አፏ ላይ ቀረ።

ወንበር ወደቀ። አያ ሃይለ ሚካኤል ቆመዋል።

«እህሉ!» ብለው ጮኹ፤ ድምፃቸው አዳራሹን ሞላው። «እህሉ ወንዝ ገባ! ምን ትጎለታላችሁ? ጆንያ አምጡ እንጂ! ከታች በኩል፣ ከታች በኩል ዙሩ፣ ውኃው ሳይወስደው!»

ሁለት ሽማግሌዎች ተነሥተው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፤ ሊዘረጉት። እናኑ «የማርያም ያለህ፣ እህል እኮ ነው!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ያ የገለባው ሰውዬ ስክሪኑ ሥር ደርሶ ነበር።

ጋሼ ገብረ ኢየሱስ ዞሩ። በሃያ ሰባት ዓመታቸው ያላደረጉትን አደረጉ፤ ወደ ኋላ አዩ።

«ሙሴ።»

«ምን?»

«ምን ፈሰሰ?»

«እህል ነዋ! ዐይን የለህም?»

«ስንት ይሆን?»

«የዐሥራ አራት ፉርጎ! ከአራት ሺህ ኩንታል በላይ ነው፣ የደብሩ እህል እኮ ነው፣ አንተ...» አያ ሃይለ ሚካኤል ዱላቸውን እንዳነሡ ቀሩ።

«ምን ላይ ተጭኖ የነበረ?»

ዱላው ቀስ እያለ ወረደ። አያ ሃይለ ሚካኤል ስክሪኑን አዩ፣ ጋሼን አዩ፣ ጋቢያቸውን የዘረጉትን ሁለቱን አዩ። የወደቀ ወንበራቸውን ራሳቸው አንሥተው ተቀመጡ።

«ባቡር ላይ» አሉ።

እንደዚያ ያለ ሳቅ ያ አዳራሽ ጎል ገብቶም አይቶ አያውቅም። ሁለቱ ጋቢያቸውን መልሰው እየለበሱ፣ እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ሳቁ። እናኑ እልል አሉ። ጋሼ ቆባቸውን መልሰው አደረጉ፤ ትንሽ ጠመም አድርገው።

ወዲያው አጣሪ ጉባኤ ተቀመጠ። ወረቀት አልተጻፈበትም፤ ስለዚህ ውጤት አገኘ። ጥፋቱ የክምሩ መብዛት ነው ወይስ የድልድዩ ማነስ? ሙንዲር፣ ዘጠኝ ሰዓት እየቀረበበት፣ ቀላል መፍትሔ አቀረበ።

«ክምሩን አንድ ክንድ መቀነስ ነው፣ አባቶቼ። ትንሽ ጠረግ ማድረግ...»

ዐሥራ አንድ ፊት ዞረበት።

«ልጄ» አሉ አያ ሃይለ ሚካኤል፣ በርኅራኄ። «አባትህን መሐመድአወልን ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ። እህል ስሸጥለትም ስገዛውም አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ቁና ጠርጎ አያውቅም። አሁን ይህን የተናገርኸውን አልነግርብህም።»

«ይቅርታ፣ አባቴ» አለ ሙንዲር፤ ከልቡ ደንግጦ።

«እህል ለብረት አንገቱን አይደፋም። ብረቱ ቀና ይበል!»

«ቀና ይበል!» አለ ጉባኤው፣ ባንድ ድምፅ። እኔ ባንድ ድምፅ የጸደቀ ነገር ብዙ አንብቤያለሁ፤ ባንድ ድምፅ ሲጸድቅ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

ያምሮት ተቀመጠች። ጥናት አላስጠናችም፣ የመሠረት ድንጋይ አላስጣለችም፣ ሪባን አላስቆረጠችም። በሩብ ሰዓት ውስጥ የላህን ድልድይ ማገር ከፍ አደረገችው። በዚህ መሐል ኳስ ሊያዩ የመጡት ወጣቶች በሩን ሞልተውት ነበር። «ባቡር ነው እንዴ?» «የማን ነው?» «የእኛ ነው ዝም በል!» የመጨረሻውን የተናገረው ያ የገለባው ሰውዬ ነው። ሙንዲር ሰዓቱን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ኳሱን ረሳው።

ጋሼ እንደገና ፍሬን ሞከሩ። እንደገና ዐሥር ደቂቃ። ወጣቶቹም ጠበቁ።

ላህ ሲደርሱ አዳራሹ በሙሉ ቆሟል። የመጀመሪያው ክምር ከማገሩ ሥር ገባ፤ ወጣ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። በየፉርጎው ሕዝቡ እየቆጠረ፣ ሃያኛው ሲያልፍ የቆርቆሮው ጣሪያ ተናወጠ። እናኑ የያምሮትን ትከሻ ይዘው በጆሮዋ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርገው፣ «ባልሽ ይሄ ከሆነም ግድ የለም፤ ቢያንስ ሥራ አለው» አሏት።

ባቡሩ ፍኖተ ሰላም ገባ። ጋሼ ያምሮት መሬት ላይ ነጭ ያሰመረችበት ቦታ ላይ፣ አንድ ስንዝር ሳያልፉ ሳይጎድሉ፣ አቆሙ።

«ሙሴ፣ ደርሰናል። ውረድ።»

አያ ሃይለ ሚካኤልም ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ ሊወርዱ።

በሰኔ ማርያም ጽዋው ሲዞር ጋሼ ገብረ ኢየሱስ እንደ ወትሮው በቦታቸው ነበሩ። መሐላው ተፈትቷል፤ ስለ ባቡር እንዳሻቸው መናገር ይችላሉ። ግን አልተናገሩም። ተራ አጡ። ወሬውን የያዙት አያ ሃይለ ሚካኤል ናቸው፤ ፉርጎው ሠላሳ ደርሷል፤ ላህ ሞልቶ ነበር ተብሏል፤ እህሉን በጋቢ ያዳነ ሰው ስሙ እየተጠራ ነው። ጋሼ ዳቦአቸውን እየቆረሱ፣ በየመሐሉ «እውነት ነው፣ እኔም ነበርሁ» ይላሉ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው ያያቸው የለም።

አንድ ነገር ግን ያምሮትን ያሳክካታል። ሥራዋን በጨዋታው ድረ ገጽ ላይ ለዓለም ስታወጣ፣ ከማታውቀው አገር አንድ ሰው የባቡሩን ራስ አመሰገነ፣ ድምፁን አመሰገነ፣ ስለ ፉርጎው ግን «የእህል ፉርጎ ክዳን አለው» ብሎ ጻፈባት። አጎቷን ጠየቀች። «እኔ ወደ ፊት ነው የማይ» አሉ። እሷ ደግሞ፣ ነገርሁህ፣ በእህል አትዋሽም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በሹመቷ አዋጅ የጀመርሁልህ ለዚህች ለመጨረሻዋ ነው። ከአዋሽ ወዲያ፣ ከድሬዳዋ ወዲህ፣ በአንዱ ድልድይ ላይ ወይም በአንዱ ጉብታ ላይ ቆመህ፣ ያ አረንጓዴ ይሁን ምን ይሁን የማይታወቅ ራስ እህል ጎትቶ ከሥርህ ሲያልፍ ከላይ ወደ ታች ያየህ ሰው ከሆንህ፣ ወይም ያየ አባት ካለህ፣ ክምር ነበር ወይስ የተጠረገ፣ ክዳን ነበረው ወይስ አልነበረው፣ ቡሬ ለያምሮት ላክላት። ክዳን ነበረው የምትል ከሆነ ግን፣ ለእሷ ከመጻፍህ በፊት አንድ ጊዜ እንኳ ገበዝ ማርያም ድረስ ውጣና፣ አያ ሃይለ ሚካኤል ፊት ለፊት ተቀመጥ፣ አናት ያወጣ ቁናቸውን ዐይን ዐይኑን እያየህ፣ እባክህን አንተው በራስህ አፍ «እህሉ ተጠርጎ ተከድኖ ነበር» በላቸው...